ሰውነቱን በትዕግሥት ስላስተማረው ልጅ፤ የቴዎዶር ሩዝቬልት ታሪክ

፩

ልጆች ሆይ፥ ጂምናስቲክ በምትማሩበት ሰዓት አግዳሚውን ብረት በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ አገጫችሁን እስከ ብረቱ ድረስ ለማንሣት የሞከራችሁበትን ቀን አስቡ። ጓደኛችሁ ራሱን ስቦ ወጣ፤ እናንተ ግን ክንዳችሁ ተንቀጠቀጠ፥ እግራችሁ በአየር ላይ ተወራጨ፥ መዳፋችሁም ተላጠና ወደ መሬት ወረዳችሁ። ቆመው ያዩአችሁም ልጆች ሳቁ። በማግሥቱ እንዲሁ ሆነ፤ በሣልስቱም እንዲሁ ሆነ። በዚያን ጊዜ በልባችሁ ሁለት ነገር ይነሣል። አንደኛው ንዴት ነው፤ ሁለተኛውም እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርሁም የሚል አሳብ ነው። ንዴቱ ቶሎ ይበርዳል፤ ያ አሳብ ግን በልብ ከተቀመጠ ብዙ ዘመን ይኖራል፥ ሰውንም ከብዙ መልካም ነገር ይከለክለዋል።

ዛሬ የምታነቡት ታሪክ ይህ አሳብ በልቡ እንዳይቀመጥ የከለከለ የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። ስሙ ቴዎዶር ሩዝቬልት ይባላል። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ይህ ሰው ካደገ በኋላ ከ1901 እስከ 1909 ድረስ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ ያን ታላቅ አገር አስተዳድሯል። ስሙም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1903 ሮበርት ስኪነር የተባለውን መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ የላከው የእርሱ መንግሥት ነበረ፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም መልእክተኛውን በክብር ተቀብለው የንግድ ውል ተዋዋሉ፥ ለፕሬዚዳንቱም የአንበሳና የዝሆን ጥርስ ስጦታ ላኩለት።

ከንጉሠ ነገሥት ዘንድ አንበሳ የተላከለት ይህ ሰው ግን በሕፃንነቱ ጊዜ እንደ ሌሎች ልጆች ሮጦ ለመጫወት የማይችል፥ ደረቱ የጠበበ፥ ትንፋሹም ያጠረ ልጅ ነበረ። ከዚያ ድካም ወደ ብርታት የወጣው በአንድ ቀን አይደለም። እንዴት እንደ ወጣም ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን።

፪

ቴዎዶር በ1858 ኦክቶበር 27 ቀን በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱም እንደ ልጁ ቴዎዶር ይባል ነበር፤ እናቱ ደግሞ ማርታ ትባል ነበር። አባቱ ባለጠጋ ነጋዴ ሲሆን ለድኆች የሚራራ ሰው ነበረ። በከተማው ጎዳና ጋዜጣ እየሸጡ ለሚኖሩ ቤት ለሌላቸው ልጆች ማደሪያ ባለበት ስፍራ ሄዶ ልጆቹን ይጎበኝና ይመክር ነበር። ለእርሱም አራት ልጆች ነበሩት፤ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች።

ቴዎዶር ገና ሕፃን ሳለ አስም የሚባለው ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ያዘው። ይህ ሕመም የተነሣበት ሰው አየር የሚያልፍባቸው ቧንቧዎች ይጠቡበታል፤ ስለዚህ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሲስብና ወደ ውጭ ሲያወጣ በጣም ይደክማል። ሕመሙ በሌሊት በተነሣበት ጊዜ ሕፃኑ መተኛት ስላልቻለ በትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ያድር ነበር። አባቱም በክንዱ ታቅፎት በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ነበር። አንዳንድ ጊዜም በሌሊት ሠረገላ አስጭኖ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነፋስ እንዲያገኝ በከተማው ጎዳና ይዞት ይዞር ነበር።

በዚያ ዘመን ሐኪሞች ለዚህ ሕመም በቂ መድኃኒት አልነበራቸውም። ለሕፃኑ ብርቱ ቡና ያጠጡት ነበር፤ የትምባሆ ጢስ ይረዳዋል ብለውም ሲጋራ እስከ ማስጨስ ደርሰዋል። ዛሬ የትምባሆ ጢስ ይህን ሕመም እንደሚያብስ በደንብ ታውቋል። እንዲህ ያለውን መድኃኒት መቀበል የነበረበት ሕፃን ምን ያህል እንደ ተቸገረ ከዚህ ማወቅ ይቻላል።

በሕመሙም ምክንያት ብዙውን ትምህርት በቤቱ ተማረ። መጽሐፍ ማንበብን እጅግ ይወድ ነበር። ወፎችንና ትንንሽ እንስሶችን እየተመለከተ ስማቸውንና ጠባያቸውን በደብተር ይጽፍ ነበር። በመጽሐፉም ውስጥ ስለ ጀግኖች ባነበበ ቍጥር እንደ እነርሱ ለመሆን ይመኝ ነበር፤ ዳሩ ግን መጽሐፉን አጥፎ ከመቀመጫው ሲነሣ ሰውነቱ ከምኞቱ ጋር አይስማማም ነበር። ታናሽ ወንድሙ ኤልየት እንኳ በአካልም በጕልበትም ይበልጠው ነበር። ታላቅ ለሆነ ልጅ በታናሽ ወንድሙ መበለጥ እንዴት እንደሚያሳፍር ታላላቆች የሆናችሁ ታውቃላችሁ።

፫

ቴዎዶር ዕድሜው 12 ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ አባቱ ወደ እርሱ ጠርቶ በብርቱ ነገር መከረው። እኅቱ ኮሪን በ1921 ባሳተመችው መጽሐፍ እንደ ተረከችው፥ አባቱ የልጁ አእምሮ መልካም እንደ ሆነ፥ ነገር ግን አካሉ ደካማ እንደ ሆነ ገለጠለት። አእምሮም ያለ አካል ርዳታ ሊደርስበት ከሚገባው ስፍራ እንደማይደርስ፥ ስለዚህ አካሉን ራሱ መሥራት እንዳለበት ነገረው። ይህም ሥራ አሰልቺና አድካሚ መሆኑን አልደበቀበትም። ልጁም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ጥርሱን ገልጦ አካሉን እንደሚሠራ ቃል ገባ።

ልብ በሉ፤ አባቱ ሥራው ቀላል ነው ብሎ አላታለለውም። ቀላል ነው ተብሎ የጀመረ ሰው መጀመሪያ ችግር ባገኘው ጊዜ የተሳሳተ መስሎት ይተዋል። አስቸጋሪ መሆኑን አውቆ የጀመረ ግን ችግሩ በመጣ ጊዜ ይህ አስቀድሞ የተነገረኝ ነው ብሎ ይታገሣል።

ከዚያ በኋላ እናቱ በከተማው ወዳለው ወደ ዉድ የጂምናስቲክ ቤት ትወስደው ጀመር። በዚያም ከግድግዳ ጋር በገመድ የተያያዘ ሸክም ወደ ደረቱ ይስብ ነበር፤ እናቱም ተቀምጣ ትመለከተው ነበር። ቀጥሎም አባቱ በቤታቸው በስተኋላ ባለው ሰገነት ላይ አግዳሚ ብረቶችንና ሌላም የጂምናስቲክ ዕቃ አስተከለ። ሰገነቱ ክፍት ስለ ነበረ ንጹሕ አየር ያገኙበት ነበር። ልጆቹም ሁሉ ይጫወቱበት ነበር፤ ቴዎዶር ግን ለጨዋታ ብቻ ሳይሆን ለሥራ ይወጣበት ነበር።

እኅቱ ከዘመናት በኋላ ወንድሟን ስታስታውስ፥ በአግዳሚዎቹ መካከል ሆኖ ደረቱን ለማስፋት ያንኑ አንድ እንቅስቃሴ ደጋግሞ ሲሠራ ታየው እንደ ነበረ ጽፋለች። እስቲ ይህን ነገር በልባችሁ ሣሉት። የሚያጨበጭብ ሰው የለም፤ የሚሸለም ነገርም የለም። ዛሬ የሠራው ከትናንቱ አይለይም፤ የነገውም ከዛሬው አይለይም። ከሰገነቱ ወርዶ በመስተዋት ፊት ሲቆም የሚያየው ያንኑ ቀጭን ክንድና ያንኑ ጠባብ ደረት ነው። ሰውን የሚያበሳጨው የመውደቁ ነገር ብቻ አይደለም፤ ደክሞ ሳለ ምንም ያልተለወጠ መምሰሉ ይልቁን ያበሳጨዋል።

ነገር ግን ለውጡ ያለ መታየቱ ለውጥ የለም ማለት አይደለም። ገበሬ ጤፍ በዘራ በማግሥቱ እርሻውን ቢመለከት ከአፈር በቀር ምንም አያይም፤ ዘሩ ግን በአፈር ውስጥ ሥራውን ጀምሯል። የሰውነትም ነገር እንደዚህ ነው። ጡንቻ በሥራ በደከመ ጊዜ ወዲያው አይጠነክርም፤ ካረፈና ምግብ ካገኘ በኋላ ቀስ እያለ ይታደሳል፥ ከፊተኛውም ይልቅ ይጠነክራል። ደግሞ አዲስ እንቅስቃሴ የሚማረው ጡንቻ ብቻ አይደለም። የትኛው ጡንቻ በየትኛው ጊዜ መጥበቅና መላላት እንዳለበት አንጎልና ነርቭ አብረው ይማራሉ። ይህም ትምህርት በመደጋገምና በዕረፍት፥ በእንቅልፍም ጭምር ይጸናል። ስለዚህ ልጅ በአሥር ቀን ያላገኘውን ነገር በአሥራ አንደኛው ቀን ድንገት አገኘሁት ብሎ ይደነቃል፤ እውነቱ ግን በአሥሩ ቀን ሁሉ ሲያገኘው መሰንበቱ ነው።

፬

ቴዎዶር ሥራውን ከጀመረ በኋላ ሕመሙ ፈጽሞ አልተወውም። በ1872 በጋ ወራት 13 ዓመት ሆኖት ሳለ አስሙ እንደ ገና ተነሣበትና አየር እንዲለውጥ በሜይን አገር ወዳለው ሙስሄድ ወደሚባል ሐይቅ ብቻውን ተላከ። ፈረሶች በሚስቡት በመንገደኞች ሠረገላም ሲሄድ በዕድሜ የሚተካከሉት ሁለት ልጆች አገኘ። ልጆቹም ደካማነቱን አይተው ያሾፉበትና ያስቸግሩት ጀመር። ብዙ ከታገሠ በኋላ ሊመታቸው ተነሣ። ነገር ግን ሁለቱ አብረው መነሣት እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ አንዱ ብቻውን ያለ ምንም ችግር ይዞ ሊያቆመው ቻለ። እጅግም አልጎዱትም፤ እርሱ ግን ምንም ሊያደርጋቸው አልቻለም።

አሁን የልጁን ልብ አስቡ። አካሉን ለመሥራት ቃል ከገባ ወራት ብቻ ሳይሆን ከአንድ ዓመት በላይ አልፏል። በሰገነቱ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ደከመ እርሱ ብቻ ያውቃል። ፈተናው በመጣ ጊዜ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ መሰለ። በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው ይመለሳል። ሞክሬ ነበር፥ አልሆነልኝም ብሎ መናገር ለመተው የሚያምር ምክንያት ይሆንለታልና።

ቴዎዶር ግን ከዚያ ውርደት ሌላ ትምህርት አወጣ። ጕልበት ማብዛት ብቻ እንደማይበቃ፥ ጕልበቱንም የሚጠቀምበት ጥበብ መማር እንደሚያስፈልገው ተረዳ። ስለዚህ ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ አባቱን አስፈቅዶ ጆን ሎንግ ከሚባል ቀድሞ በቡጢ ግጥሚያ ይታወቅ ከነበረ ሰው ዘንድ የቡጢ ጨዋታ ይማር ጀመር። ጂምናስቲኩንም አልተወም። መንገዱን አስተካከለ እንጂ ዓላማውን አልለወጠም።

፭

በዚያው ዘመን ቴዎዶር ስለ ራሱ አንድ ያላወቀው ነገር ተገለጠለት። አባቱ ጠመንጃ ሰጥቶት ነበርና ከጓደኞቹ ጋር ለአደን ሲወጣ እነርሱ የሚያዩትን ወፍ እርሱ ማየት አልቻለም። ይህ ነገር ግራ አጋባው። አንድ ቀንም ጓደኞቹ ከሩቅ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ ጮኸው ሲያነቡ ሰማ፤ እርሱ ግን ፊደሉን ማንበብ ቀርቶ ፊደል መኖሩንም አላየም ነበር። ለአባቱ ነገረው፤ ወዲያውም መነጽር ተገዛለት። መነጽሩን ባደረገ ጊዜ ዓለም ሁሉ አዲስ ሆነችለት።

ከዚያም ወዲያ ስለ ቀድሞው ዘመኑ አንድ ነገር ገባው። በጨዋታ ጊዜ ኳስ ከእጁ የሚያመልጠው፥ በየስፍራው የሚደናቀፈው፥ ሰዎችም ዝርክርክ ነው የሚሉት በስንፍና ምክንያት ብቻ አልነበረም። ለካ ዓይኑ ሩቅ አያይም ነበር! ይህን ባለማወቁ ራሱን በከንቱ ይወቅስ ነበር።

ይህ ታላቅ ምክር ነው። ትምህርት አልገባ ባለን ጊዜ ራሳችንን ከመስደብ አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ይገባናል። ምናልባት ዓይናችን ደካማ ይሆናል። ምናልባት ሳንበላ ወይም ሳናርፍ መጥተን ይሆናል። ምናልባት ብረቱን የያዝንበት አያያዝ ትክክል አይሆንም፤ ወይም ከቀላሉ ሳንጀምር ወደ ከባዱ ዘልለን ይሆናል። እንዲህ ያለውን ነገር ልጅ ብቻውን ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ቴዎዶር ለአባቱ እንደ ነገረ ለወላጅ ወይም ለመምህር መንገር ይገባል። ችግርን መናገር ሽንፈት አይደለም፤ የመፍትሔ መጀመሪያ ነው እንጂ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቤተ ሰቡ ወደ ግብጽ ሄዱ። በ1872 መጨረሻና በ1873 መጀመሪያ በጀልባ ተቀምጠው በዓባይ ወንዝ ላይ ተጓዙ። ቴዎዶርም መነጽሩን አድርጎ ከአገራችን ከጣና ወጥቶ በሚፈሰው በዚያ ውኃ ዳር ወፎችን ያድንና ይመረምር ነበር። ወደ ኒው ዮርክም በተመለሱ ጊዜ በገቡበት በአዲሱ ቤት ከላይኛው ፎቅ የጂምናስቲክ ክፍል ተዘጋጅቶ ነበርና ሥራውን ቀጠለ።

፮

ቡጢ መማርን በጀመረ ጊዜ ቶሎ ጐበዝ የሆነ ይመስላችኋልን? አልሆነም። ራሱ በ1913 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደ መሰከረው፥ ትምህርቱ እጅግ የሚዘገይ ተማሪ ነበረ፤ የሚታይ መሻሻል ከማግኘቱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ደክሟል። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት! እናንተ ግን በሁለት ሳምንት ስላልቻላችሁ ተስፋ መቍረጥ ይገባችኋልን?

አንድ ጊዜ አስተማሪው ለተማሪዎቹ ግጥሚያ አዘጋጀ። ለአሸናፊው የተመደበው ሽልማት ከግማሽ ዶላር የማይበልጥ ተራ ኩባያ ነበረ። በግጥሚያውም ቴዎዶር ያሸንፋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። በዕጣ የደረሱት ተጋጣሚዎች ግን ከእርሱ ይልቅ ደካሞች ሆኑና አሸነፈ። ይህንንም እርሱ ራሱ ሳይደብቅ ተርኮታል። ያን ርካሽ ኩባያ ግን ብዙ ዘመን እንደ ታላቅ ሀብት አስቀመጠው። ክብሩ በኩባያው ዋጋ አልነበረም፤ ኩባያው የብዙ ቀን ድካም ምስክር ስለ ሆነ ነው እንጂ።

ደግሞ ቴዎዶር ሌላ መልካም ልማድ ነበረው። በ1875 ከወንድሙና ከአጎቶቹ ልጆች ጋር በሩጫ፥ በዝላይና በትግል ሲወዳደር ውጤቱን በደብተር ይጽፍ ነበር፤ የሰውነቱንም መጠን እየለካ ይመዘግብ ነበር። ይህ ጥቅሙ ብዙ ነው። ልብ በተበሳጨ ጊዜ የሠራነውን ሁሉ ያስረሳናል፥ ምንም አልተለወጥህም ብሎም ይነግረናል። ደብተር ግን አይበሳጭም፤ የጻፍንበትን በትክክል ይመልስልናል። ባለፈው ወር በብረቱ ላይ እስከ አምስት እስክትቈጥሩ ብቻ ተንጠልጥላችሁ ከነበረ፥ ዛሬም እስከ ሃያ ከደረሳችሁ፥ አገጫችሁ ገና ብረቱን ባይነካም ደብተሩ ማደጋችሁን ይመሰክራል።

፯

ቴዎዶር በ1876 ሃርቫርድ ወደሚባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ቡጢንና ሌላውን የሰውነት ሥራ ሳይተው እስከ 1880 ተማረ። በ1879 በቀላል ክብደት የቡጢ ውድድር እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ደርሶ ተሸነፈ። በማናቸውም የስፖርት ዓይነት ከፊተኞቹ ተርታ አልደረሰም፤ ይህንንም እርሱ ራሱ ሳያፍር ይናገር ነበር። ነገር ግን ትንፋሹ ያጠረው ያ ሕፃን በ1881 በአውሮፓ ማተርሆርን የሚባለውን 4478 ሜትር ከፍታ ያለውን ሾጣጣ ተራራ እስከ ጫፉ ወጣ።

የሰውነት ድካም ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም ትምህርትን ያሰናክላል። በአግዳሚው ላይ ለመገልበጥ የሚያስበው ልጅ እጁ ቢጠነክርም ልቡ ከፈራ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቴዎዶርም ብዙ ነገር ይፈራ ነበር። በልጅነቱ ግን ማሪያት የሚባለው የእንግሊዝ ደራሲ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ የመርከብ አዛዥ ስለ ፍርሃት የሰጠውን ምክር አነበበ። የምክሩም አሳብ ማንም ሰው በመጀመሪያ እንደሚፈራ፥ ነገር ግን እንዳልፈራ ሰው ሆኖ ሥራውን ቢሠራ ውሎ አድሮ ፍርሃቱ በእውነት እንደሚለቀው ነው። ቴዎዶር ይህን ምክር ተቀበለ። ካደገም በኋላ በዳኮታ ምድረ በዳ ከብት ሲያረባ ክፉ ፈረስና አውሬ ባገኘው ጊዜ በዚህ ምክር ተጠቀመ፤ እንደ ተባለውም ፍርሃቱ ጥቂት በጥቂት ለቀቀው።

በ1901 ፕሬዚዳንት በሆነ ጊዜ ዕድሜው 42 ዓመት ነበረ፤ ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ በዚያ ዕድሜ ለዚያ ሹመት የበቃ የለም። በ1905 ሩስያና ጃፓን ከጦርነታቸው እንዲታረቁ ስላስማማ በ1906 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው። ይህን ያህል ከከበረም በኋላ ተማሪ መሆንን አልናቀም። በ1904 ያማሺታ ዮሺያኪ የሚባል የጃፓን መምህር ወደ ቤተ መንግሥቱ እያስጠራ ጁዶ የሚባለውን የትግል ጥበብ ይማር ነበር። ጁዶ የሚማር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው እንዴት እንደሚወድቅ ነው። የታላቅ አገር መሪ በምንጣፍ ላይ ተጥሎ እንደ ገና ሲነሣ ማየት ለእኛ ትምህርት ነው፤ መውደቅን እንደ ውርደት የሚቈጥር ሰው አዲስ ነገር መማር አይችልምና።

ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1919 ጃንዩዌሪ 6 ቀን በ60 ዓመቱ በቤቱ ተኝቶ ሳለ አረፈ።

፰

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፥ የእርሱ አባት ባለጠጋ ነበረ፥ ብረቱንም ገዛለት፥ እኔ ግን ድኻ ነኝ ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ገንዘብ ብረቱን ይገዛል። ነገር ግን ገንዘብ ሰውን በብረቱ ላይ አያወጣውም። የቴዎዶርን ክንድ የሳበለት አባቱ አይደለም፤ ራሱ ነው። የዛፍም ቅርንጫፍ ጽኑ ከሆነ ለሚተጋ ልጅ አግዳሚ ይሆንለታል።

በአገራችንም ሊቃውንት የሚተርኩትን የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ በዛፍ ሥር ሳለ አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ሲሞክር ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው እንደ ወጣ አየ፤ እርሱም ወደ መምህሩ ተመለሰ። ያ ትል በስድስተኛው ጊዜ ቢቀር ኖሮ፥ ሰባተኛው በቀረበ ጊዜ ነበር የቀረው። የሚያሳዝነውም ይህ ነው፤ ተስፋ የሚቈርጥ ሰው ምን ያህል እንደ ቀረው ሳያውቅ ይቈርጣል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ነገ በአግዳሚው ብረት ሥር በቆማችሁ ጊዜ ይህን አስቡ። ከከባዱ አትጀምሩ። መጀመሪያ መንጠልጠልን ብቻ ተማሩ፤ ቀጥሎ ጓደኛችሁ ደግፎ ያውጣችሁና ራሳችሁን ቀስ ብላችሁ ማውረድን ተማሩ፤ ከዚያ በኋላ መውጣቱ ይመጣል። ንዴት በያዛችሁ ጊዜ ብረቱን አትምቱ፥ ራሳችሁንም አትስደቡ፤ ወርዳችሁ ተቀመጡ፥ በቀስታ ተንፍሱ፥ እጃችሁም ሲያርፍ አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ገና ሞክሩ። መገጣጠሚያችሁን ካመማችሁ አትደብቁ፤ ለመምህራችሁ ንገሩ። መምህር በሌለበትም መገልበጥን አትሞክሩ፤ ትዕግሥት ሌላ፥ ድፍረት ሌላ ነውና። ጓደኛችሁ ሲያቅተው ደግሞ አትሳቁበት። በሙስሄድ መንገድ ላይ በደካማው ልጅ የሳቁትን የሁለቱን ልጆች ስም ዛሬ ማን ያውቀዋል?

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ብለው አባቶቻችን ተርተዋል። እንቍላሉ ሳይሰበር በፊት ቢመለከቱት የማይንቀሳቀስ ድንጋይ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ጫጩቱ በየቀኑ ያድጋል። የእናንተም ድካም እንዲሁ ነው። ዛሬ አልቻልሁም በሉ፤ ይህ እውነት ነው። ከቶ አልችልም ግን አትበሉ፤ ይህን ገና አታውቁትምና።